በጓዳ ተረስቶ የቆየ ጠጅ፤ እንዴት እንደሚመረመርና በጠርሙስ እንደሚታሸግ

መግቢያ

በአገራችን ለሠርግም ሆነ ለክርስትና፥ ለትልቅ በዓልም ጠጅ መጣል ከጥንት ጀምሮ የኖረ ልማድ መሆኑን ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። ስለ አጣጣሉም ቢሆን ከእናቶቻችንና ከአያቶቻችን የተሻለ መምህር አይገኝም። ይሁን እንጂ ድግሱ ካለፈ በኋላ ተርፎ ወደ ጓዳ የተገፋው፥ ከዚያም በሥራ ብዛትና በኑሮ ውጣ ውረድ ተረስቶ ዓመታት ያሳለፈው ጠጅ ምን እንደሚሆን ሲጠየቅ መልሱ ይለያያል። አንዱ «የቆየ ጠጅ መድኃኒት ነው» ይላል፤ ሌላው «መርዝ ሆኗልና ድፉት» ይላል። ሁለቱም ዕቃውን ሳይከፍቱ የሚናገሩት ስለ ሆነ በፍርዳቸው መተማመን አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመመርመሪያውን መንገድ፥ የመመርመሪያውንም ምክንያት በተራ ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው ከመጽሐፍ አይደለም። አያቴ በ2011 ዓ.ም. ለአጎቴ ሠርግ ጠጅ ጥለው ነበር። ከድግሱ የተረፈውን በሁለት ዕቃ ከፍለው አስቀመጡት። ገሚሱን 20 ሊትር በሚይዝ ደምጃን ገልብጠው አፉን በቡሽ ወተፉት፤ ቡሹንም በቀለጠ ሰም ሸፈኑት። ገሚሱን ደግሞ በትንሽ ጋን ትተው አፉን በጨርቅ አስረው በጭቃ መረጉት። ሐሳባቸው ለሚመጣው ፋሲካ ሊያወጡት ነበር። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ስለ ገባ እንግዳ መጥራት ቀረ። ከዚያ በኋላ አያቴ ታመሙ፤ በ2016 ዓ.ም. ዐረፉ። ሙት ዓመታቸው ሲቃረብ በ2017 ዓ.ም. ጓዳውን ስናጸዳ ሁለቱ ዕቃዎች ከእህል ጎታው ኋላ ተገኙ።

አክስቴ «የእጃቸው ሥራ ነው፤ ለዝክራቸው ይቀዳ» አሉ። አጎቴ ግን «ሰው ቢታመም ምን እንላለን? ይደፋ» አሉ። ነገሩ ስላልተቋጨ ሁለቱም ወደ እኔ ዘወር ብለው «አንተ ኬሚስትሪ ትማራለህ፤ እስቲ ንገረን» አሉኝ። መልስ ለመስጠት ያህል መምህሬን አማክሬ፥ በኮሌጃችን ቤተ ሙከራ ጥቂት መሣሪያ እንድጠቀም ፈቃድ አግኝቼ ያደረግሁትን ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ።

1ኛ/ ጠጅ ምን ዓይነት መጠጥ ነው?

የማር ክብደት ከመቶው 80 ያህሉ ስኳር ነው፤ ይኸውም በአብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ የሚባሉት ናቸው። የቀረው አብዛኛው ውሃ ሲሆን ጥቂት አሲድና ማዕድንም አለበት። ማር እንዳለ ቢቀመጥ የማይበላሸው ስኳሩ ስለሚበዛና ውሃው ስለሚያንስ ረቂቅ ነፍሳት ሊኖሩበት ስለማይችሉ ነው። በውሃ ሲበረዝ ግን ይህ መከላከያው ይፈርሳል። ብርዙ ውስጥ የገባው እርሾ ስኳሩን እየበላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል።

የዚህን ለውጥ ሒሳብ ፈረንሳዊው ጌ ሊሳክ እ.ኤ.አ. በ1815 አስቀምጦታል። በዚህ ሒሳብ መሠረት 180 ግራም ግሉኮስ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ሥራውን የሚሠራው ሕይወት ያለው እርሾ መሆኑን ያስረዳው ደግሞ ሉዊ ፓስተር ነው። ፓስተር ስለ ወይን ጠጅ በሽታዎች የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1866 የታተመ ሲሆን፥ ለእኛም ጠጅ የሚሆን ብዙ ትምህርት ይገኝበታል።

ጌሾ በጠጅ ውስጥ የሚጨመረው ለመራራነቱ ነው። ከቅጠሉ ጌሾይዲን የተባለ መራራ ንጥረ ነገር ተለይቶ ታውቋል። ጠጅ ጣዮች ጌሾው በወቅቱ እንዲወጣ የሚጠነቀቁትም ከመጠን በላይ ከቆየ መራራነቱ ስለሚያይል ነው።

እዚህ ላይ ለኋላው ክፍል የሚያስፈልግ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። እርሾ ሥራውን የሚያቆመው ስኳሩ ሲያልቅ ብቻ አይደለም። አልኮሉ ሲበዛበት፥ ብርድ ሲጸናበት፥ ወይም ምግብ ሲያጥረው ያቆማል። ማር በስኳር ሀብታም ቢሆንም እርሾ ለሚፈልገው ናይትሮጅን ድኻ ነው። ስለዚህ ጠጅ መፍላቱን አቆመ ማለት ስኳሩ አለቀ ማለት አይደለም። ይህን አለማወቅ ጠርሙስ ያፈነዳል።

2ኛ/ ዓመታት በጠጅ ላይ የሚያመጡት ለውጥ

የቆየ ጠጅን የሚያበላሹት በዋናነት ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ኮምጣጣነት ነው። በአየር ውስጥና በትንኞች አካል ላይ የሚገኙ አሴቶባክተር የተባሉ ባክቴሪያዎች አልኮልን ከኦክሲጅን ጋር አዋሕደው አሴቲክ አሲድና ውሃ ያደርጉታል። ይህም በየቤቱ አቼቶ የምንለው ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ያለ አየር ሥራቸውን ሊሠሩ አይችሉም። ስለዚህ ጠጅን የሚያቦካው ዕድሜው ሳይሆን አየር ነው፤ ዕድሜ የሚጎዳው ለአየሩ ጊዜ ስለሚሰጠው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ያለ ባክቴሪያም የሚሆን የአየር ጉዳት ነው። ኦክሲጅን በቀስታ ሲገባ ከአልኮሉ ጥቂቱ አሴታልዲሃይድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የጠጁ ቀለም ከቢጫነት ወደ ቡናማነት ይጠቁራል፤ ሽታውም ተቆርጦ የዋለ ፖም ይመስላል። ይህ ጉዳት በመጠኑ ከሆነ መጠጡን አይከለክልም፤ እንዲያውም በአንዳንድ አገር ሆን ተብሎ የሚፈለግ ጣዕም ነው።

ሦስተኛው ከሥር የተቀመጠው አምቡላ ነው። የሞተው እርሾ በጊዜ ብዛት ራሱን እያፈረሰ ፕሮቲኑንና ሌላውንም ወደ ጠጁ ይለቃል። ይህ አንዳንድ ጊዜ ጣዕሙን ያወፍረዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ይሰጠዋል። ሽታው የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ስለ ሆነ ገና ቀላል ከሆነ ጠጁን በማገላበጥ ሊወጣ ይችላል።

ከነዚህ ሌላ በጠጁ ፊት ላይ ነጭና ስስ ቆዳ የሚሠራ የእርሾ ዓይነት አለ። እርሱም አየር ወዳድ ሲሆን አልኮሉን እየበላ ጠጁን ያመነምነዋል። ይህን ነጭ ቆዳ ከሰፈፍ መለየት ያስፈልጋል። ሰፈፍ ከማሩ የመጣ ሰም ስለ ሆነ በጣት ሲነኩት ይቀባል፤ ጉዳትም የለውም።

3ኛ/ በደምጃኑ አንገት ሥር የነበረው አየር ምን ያህል ሊጎዳ ይችል ነበር?

ደምጃናችን 20 ሊትር ይይዛል፤ በውስጡ የነበረው ጠጅ 17 ሊትር ያህል ነው። እንግዲህ 3 ሊትር ባዶ ቦታ ነበረ ማለት ነው። ይህን ያዩ ሁሉ «በቃ፥ ኮምጥጧል» አሉ። እኔም መጀመሪያ እንደዚሁ አሰብሁ። ነገር ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ባዶው ቦታ በሙሉ አየር ነበር ብለን እንነሣ። ከአየር ከመቶው 21 ያህሉ ኦክሲጅን ስለ ሆነ 0.63 ሊትር ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ኦክሲጅኑ በባሕር ዳርቻ ግፊት ሲታሰብ 0.47 ሊትር፥ ማለትም 0.02 ሞል ገደማ ነው። አንድ ሞል ኦክሲጅን አንድ ሞል አሴቲክ አሲድ፥ ማለትም 60 ግራም ስለሚያወጣ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው 1.2 ግራም ብቻ ነው። ይህ በ17 ሊትር ሲከፈል በአንድ ሊትር 0.07 ግራም ይደርሳል። እንደዚህ ያለውን መጠን ምላስ አይለየውም።

ከዚህ የምንማረው በዕቃ ውስጥ አንድ ጊዜ የተዘጋ አየር ጠጅን አቼቶ ለማድረግ የማይበቃ መሆኑን ነው። ጠጅን አቼቶ የሚያደርገው ሳይቋረጥ የሚገባ አየር ነው። እንግዲህ ተረስቶ የቆየ ዕቃ ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ዓመት ቆየ?» ሳይሆን «ክዳኑ ይተነፍስ ነበር ወይ?» መሆን ይገባዋል። አያቴ በቡሹ ላይ ያፈሰሱት ሰም መልሱን ሰጥቶናል። ቡሽ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሰሙ ግን አልተሰነጠቀም ነበር። በሌላው በኩል ጋኑ ራሱ ሸክላ ስለ ሆነ በገላው ይተነፍሳል፤ ጭቃውም ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር። ሁለቱ ከአንድ ጥንስስ፥ በአንድ ቀን ተቀድተው በአንድ ጓዳ የቆዩ ስለ ሆኑ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የዕቃውና የክዳኑ ብቻ ነው። አያቴ ሳያስቡት ጥሩ የሙከራ ማነጻጸሪያ ትተውልናል።

4ኛ/ የምርመራው ቅደም ተከተል

ሀ/ ዕቃውን መመርመር። ከጠጁ በፊት ዕቃው ይጠየቅ። ጠጅ አሲድ ያለበት ስለ ሆነ ብረታ ብረትን ያሟሟል። በመዳብ፥ በቆርቆሮ ባልዲ፥ ወይም ምንነቱ ባልታወቀ የሚያብረቀርቅ ቅብ ባለው ሸክላ ዓመታት የቆየ ጠጅ ያለ ምርመራ አይጠጣ፤ በቅቡ እርሳስ ሊኖር ይችላልና። ቀድሞ ላምባ፥ የተባይ መድኃኒት ወይም ሌላ ኬሚካል በያዘ ጀሪካን የተቀመጠ ከሆነ ሳይቀመስ ይደፋ። መስተዋት ከሁሉ የተሻለ ነው።

ለ/ በዓይን ማየት። ዕቃው ሳይነቃነቅ በሻማ ወይም በባትሪ ብርሃን ከኋላ ይታይ። የጠራ ከሆነ መልካም ምልክት ነው። በፊቱ ላይ አረንጓዴ፥ ጥቁር ወይም ሮዝ ቀለም ያለው ጠጉራም ሻጋታ ከታየ ገፍፎ መጠቀም አይገባም። ሻጋታ መርዝ ሊያወጣ ስለሚችልና መርዙም ከፊቱ ላይ ብቻ ስለማይቀር ሁሉም ይደፋ።

ሐ/ ማሽተት። ትንሽ በንጹሕ ብርሌ ይቀዳና ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። የማርና የአበባ ሽታ ከቀረ ደኅና ነው። የፖም ሽታ የአየር ጉዳት ነው። የአቼቶ ሽታ ባክቴሪያ መግባቱን ያሳያል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ ኤቲል አሴቴት ነው፤ እርሱም የኮምጣጣነቱ ጓደኛ ነው።

መ/ መቅመስ። ከላይ ያሉት ሁሉ ካለፉ በኋላ ብቻ ጥቂት ጠብታ በምላስ ይቀመስና ይተፋ። የማርና የጌሾ አሲድ ምላስን ይነካል፤ የአቼቶ አሲድ ግን ጉሮሮን ያቃጥላል። ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ የተረዳ ሰው አይሳሳትም።

ሠ/ በቤተ ሙከራ መለካት። ሽታና ምላስ ቢያጠራጥሩ በቁጥር መወሰን ይቻላል። 10 ሚሊ ሊትር ጠጅ ወስዶ፥ ጋዙን ለማስወጣት ካወኩት በኋላ፥ ፌኖልፍታሊን ጨምሮ በ0.1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማመጣጠን ነው። ሌላ 10 ሚሊ ሊትር ደግሞ በሚፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳሕን እስኪደርቅ ድረስ ጥቂት እስኪቀረው ማትነን፥ ውሃ ጨምሮ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም፥ ከዚያ በኋላ እንደዚሁ ማመጣጠን ያስፈልጋል። በእንፋሎት የሄደው አሲድ አሴቲክ አሲዱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የሚሊ ሊትር ልዩነት በ0.6 ሲባዛ በአንድ ሊትር ያለውን የአሴቲክ አሲድ ግራም ይሰጣል። ለምሳሌ የመጀመሪያው 8 ሚሊ ሊትር፥ ሁለተኛው 6.5 ሚሊ ሊትር ቢፈጅ ልዩነቱ 1.5 ስለ ሆነ ውጤቱ 0.9 ግራም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለነጭ የወይን ጠጅ የሚፈቅደው እስከ 1.08 ግራም ስለ ሆነ ለጠጅም እንደ መመሪያ ሊያገለግል ይችላል። ጠቅላላውን አሲድ ብቻ ለክቶ መፍረድ ግን ስሕተት ነው፤ ማር በተፈጥሮው ግሉኮኒክ አሲድ ስላለበት ደኅናውን ጠጅ የኮመጠጠ ያስመስለዋል።

5ኛ/ ስለ መርዝነቱ ፍርሃት

አጎቴ የፈሩት «ሲቆይ ሜታኖል ይሆናል» የሚባለውን ነው። ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋና የሚገድል መርዝ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የጠጅ አልኮል በመቆየቱ ወደ ሜታኖል አይለወጥም። በተፈላ መጠጥ ውስጥ ሜታኖል የሚመጣው በፍራፍሬ ካለው ፔክቲን ነው፤ ማር ደግሞ ፔክቲኑ እጅግ ጥቂት ነው። በልዩ ልዩ አገር ሰዎችን የጨረሰው ሜታኖል በአብዛኛው ከውጭ የተጨመረ ወይም ያለ ጥንቃቄ በተጣራ አረቄ የተገኘ ነው። ስለዚህም የተበላሸን ጠጅ «ወደ አረቄ እናውጣው» የሚለውን ምክር አልደግፍም፤ ማጣራት በጠጁ ውስጥ ያለውን ክፉ ተናኝ ሁሉ ያከማቻልና።

እንደዚሁም አሲድና አልኮል በተባበሩበት መጠጥ ውስጥ በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ለመባዛት አይመቻቸውም። የኮመጠጠ ጠጅ ጣዕም የለውም እንጂ ገዳይ አይደለም። ገዳይ ሊሆን የሚችለው ከዕቃው የሚመጣው ነው። ስለዚህ ዕቃውን መመርመር ከሁሉ የቀደመው በከንቱ አይደለም።

6ኛ/ ሊድን የማይችለውን መለየት

አቼቶ የሆነን ጠጅ ወደ ጠጅነት መመለስ አይቻልም። ሶዳ ጨምሮ አሲዱን ማብረድ ቢሞከር አሲዱ ወደ ጨው ይለወጣል እንጂ አልኮሉ አይመለስም፤ ጣዕሙም ከቀድሞው ይከፋል። ማር ጨምሮ ማጣፈጥ ደግሞ ኮምጣጣነቱን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋውም፤ ከዚህም በላይ ለእርሾው አዲስ ምግብ ስለሚሰጥ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው። የተበላሸውን ከደኅናው ጋር መቀላቀልም ደኅናውን ማጥፋት ነው።

ይሁን እንጂ ሻጋታ የሌለው፥ በንጹሕ ዕቃ የቆየ ኮምጣጣ ጠጅ ለሰላጣ የሚሆን ጥሩ አቼቶ ይወጣዋል። አልኮሉ ከመቶ 6 ገደማ እስኪሆን በንጹሕ ውሃ አቅጥኖ፥ አፈ ሰፊ በሆነ የመስተዋት ዕቃ አድርጎ፥ ትንኝ እንዳይገባ በሻሽ ሸፍኖ ለጥቂት ወራት መተው ነው። እዚህ ላይ አየር ጠላት መሆኑ ቀርቶ ሠራተኛ ይሆናል።

የእኛ ጋን ግን ለዚህም አልበቃም። ጠጁ ሲሶው ጎድሎ ነበር። ከ10 ሚሊ ሊትሩ ናሙና ላይ 50 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፈስሶ ቀለሙ አልተለወጠም። ይህ ብቻ ቢሆን አቼቶ እናደርገው ነበር፤ ነገር ግን በአፉ ጨርቅ ላይና በጠጁ ዳር አረንጓዴ ሻጋታ ስለ ተገኘ ደፋነው። አክስቴ እያዘኑ ራሳቸው ደፉት።

7ኛ/ መቅዳትና ማሸግ

የደምጃኑ ጠጅ ምርመራውን አለፈ። ቀለሙ ከወርቅነት ወደ ቀላል ቡናማነት አድልቷል፤ ሽታው የማር ሲሆን ጥቂት የፖም መንፈስ አለበት፤ ጣዕሙም ደረቅ ነው። የተከተልነው ሥራ እንደሚከተለው ነበር።

ሀ/ ማሳረፍ። ደምጃኑን በጥንቃቄ ወደ ጠረጴዛ አንሥተን ሳንከፍት 5 ቀን ተውነው። አምቡላ ከታወከ ሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል።

ለ/ ስኳሩን መለካት። የፈሳሽ ጥግግት መለኪያውን፥ ማለት ሃይድሮሜትሩን በጠጁ ውስጥ ስናቆመው 0.998 አመለከተ። አልኮል ከውሃ የቀለለ ስለ ሆነ ንባቡ ከ1.000 በታች መሆኑ ስኳሩ በአብዛኛው ማለቁን ያሳያል። ንባቡ 1.010 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በአንድ ሊትር 30 ግራምና ከዚያ የሚበልጥ ስኳር ሊኖር ይችላል። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በሻምፓኝ እንመልከት። ሻምፓኝ ሠሪዎች በአንድ ሊትር 24 ግራም ያህል ስኳር ጨምረው በጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ሲያፈሉት ግፊቱ ወደ 6 አትሞስፌር ይደርሳል። የእነርሱ ጠርሙስ ለዚህ የተሠራ ወፍራም ነው፤ የእኛ ግን አይደለም። ሃይድሮሜትር የሌለው ሰው ግማሽ ጠርሙስ ጠጅ ቀድቶ፥ አፉ ላይ ፊኛ አስሮ፥ ሞቅ ባለ ቦታ ሦስት ሳምንት ያቆየው። ፊኛው ከተነፋ ጠጁ ሕይወት አለውና አይታሸግ።

ሐ/ ዕቃ ማጠብ። ጠርሙሶቹ በትኩስ ውሃና በሶዳ ታጥበው፥ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቀው፥ በሚፈላ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ቆዩ። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለ ሆነ ጊዜውን ማሳጠር አይገባም። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ለአጭር ጊዜ ካልሆነ አይመከርም፤ በገላው ኦክሲጅን ያሳልፋልና።

መ/ በቱቦ መቅዳት። ለምግብ የሚሆን ቀጭን ቱቦ በንጹሕ ውሃ ተሞልቶ አንዱ ጫፍ ከአምቡላው አራት ጣት ከፍ ብሎ በደምጃኑ ውስጥ፥ ሌላው ጫፍ ዝቅ ብሎ በተቀመጠው ጠርሙስ ሥር ይገባል። መጀመሪያ የሚወጣው የቱቦው ውሃ በሌላ ዕቃ ይደፋ። በአፍ መምጠጥ አይገባም፤ አፋችን በባክቴሪያ የተሞላ ነው። የቱቦው ጫፍ እስከ ጠርሙሱ ሥር መድረስ ያለበት ጠጁ ከላይ ሲወርድ እየተንፏፏ አየር እንዳይጠጣ ነው። ስድስት ዓመት ከአየር የተጠበቀን ጠጅ በአንድ ቀን ቸኩሎ በመቅዳት ማበላሸት ይቻላል።

ሠ/ መጠበቂያ። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለምግብ የተፈቀደ ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት መጨመር ነው። በአንድ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ እንዲገኝ ለ15 ሊትር 1.4 ግራም ያህል ይበቃል። ይህ ባክቴሪያውን ይገታል፤ ለፖሙ ሽታ ምክንያት የሆነውንም አሴታልዲሃይድ ያስረዋል። ነገር ግን አስም ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው መንገድ ፓስተር እንዳስተማረው ማሞቅ ነው። አክስቴ አስም ስላለባቸው ጠጁን በሁለት ከፈልነው።

10 የወይን ጠርሙስ፥ ማለት 7.5 ሊትር፥ ሰልፋይቱ በልኩ ተጨምሮበት በአዲስ ቡሽ ተወተፈ። 24 የቢራ ጠርሙስ፥ ማለት 8 ሊትር ያህል ደግሞ ምንም ሳይጨመርበት በቆርኪ ታሸገ። እነዚህን ከሥሩ ጨርቅ በተነጠፈበት ትልቅ ድስት ውሃ ውስጥ አቁመን በቀስታ አሞቅናቸው። ባልተከደነ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ያቆምነው ቴርሞሜትር 63 ዲግሪ ካሳየ በኋላ 20 ደቂቃ ጠብቀን፥ እዚያው ድስቱ ውስጥ እንዲቀዘቅዙ ተውናቸው። ፈሳሽ ሲሞቅ ስለሚሰፋ በአንገታቸው አራት ጣት ባዶ ቦታ መተው ያስፈልጋል። ጋዝ ያለበትን ጠጅ ግን በዚህ መንገድ ማሞቅ ፍንዳታ ያመጣል።

ረ/ ማስቀመጥ። ቡሽ ያላቸው ቡሹ እንዳይደርቅ በጎናቸው ይጋደማሉ፤ ቆርኪ ያላቸው ይቆማሉ። ሁሉም ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጡ፤ በላያቸውም የተቀዱበት ቀን ይጻፍ። የመረሳት በሽታ ዋና መድኃኒቱ ጽሑፍ ነው።

8ኛ/ ውጤት

ከስድስት ወር በኋላ ከየዓይነቱ ከፍተን ቀመስን። ሰልፋይት የገባበት የፖም ሽታው ጠፍቶ የማሩ መዓዛ ጎልቷል። የሞቀው ጣዕሙ ደኅና ሆኖ ጥቂት የበሰለ ማር ይላል። ከ10ሩ የወይን ጠርሙስ አንዱ ኮምጥጦ ተገኘ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የመጨረሻው ቡሽ ሲገባ ጠርዙ ተሸርፎ እያየሁ «ለአንድ ጠርሙስ» ብዬ አልፌው ነበር። አያቴ ቡሹን በሰም የሸፈኑበትን ምክንያት ከሒሳቡ ይልቅ ያች አንድ ጠርሙስ አስተማረችኝ። የቀሩትን ሁሉ በሰም ሸፍነናቸዋል።

ለዝክሩ ስድስት የወይን ጠርሙስ ወጣ። አጎቴ የመጀመሪያውን ብርሌ ለረጅም ጊዜ ሲያሸቱ ቆይተው፥ «የሠርጌ ጠጅ ነው» ብለው ጠጡት። የታመመ ሰው አልነበረም።

መደምደሚያ

የተባለውን ባጭሩ ለመድገም፥ ጠጅን የሚገድለው ዓመቱ ሳይሆን ዘወትር የሚገባው አየር ነው፤ ሰውን ሊጎዳ የሚችለው ከመጠጡ ይልቅ ዕቃውና ሻጋታው ነው፤ ጠርሙስን የሚያፈነዳው ሳያልቅ የታሸገ ስኳር ነው። ስለዚህ የተረሳ ጠጅ ያገኘ ሰው ሳይመረምር አይድፋ፤ ሳይመረምርም አይጠጣ።

የእናቶቻችን ልማድ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሳይነገር የሚወርስ ዕውቀት ነው። ሰሙም፥ ቡሹም፥ ዕቃን በወይራ ማጠኑም እንደዚሁ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሰሙን ምክንያት ለማግኘት ሞክሬያለሁ፤ የወይራው ጢስ በባክቴሪያዎቹ ላይ ምን እንደሚሠራ ደግሞ በባዮሎጂ ክፍል ያሉ ጓደኞቼ ቢመረምሩት መልካም ሥራ ይመስለኛል። በአቀራረቤ ስሕተት ያገኙ መምህራንና ተማሪዎች ቢያርሙኝ በደስታ እቀበላለሁ።